ሳሙናና ቅቤ፤ በሐድያና በከምባታ አገር ስለ ገላ መታጠብ ታሪክ

መግቢያ

በሐድያና በከምባታ ከተሞች ገበያ ሲቆም ሁለት ሸቀጦች ከዓይን አያመልጡም። አንደኛው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምድር ላይ በተዘረጋ ሸራ የተደረደረ ሳሙና ነው። ቅቤ ሻጮቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ሳሙና ሻጮቹ ግን ባብዛኛው የከተማ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ ከወጥ የተረፈው ቅቤና ከልብስ የተረፈው ሳሙና በመጨረሻ የሚደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም ወደ ሰው ቆዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ አገር ሰው በምን ይታጠብ እንደ ነበር፣ ሳሙና በምን መንገድ እንደ ገባና ኃይለኛ የማጠቢያ ነገሮች በቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርሱ መመርመር ነው። አሳቡ ባጭሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ የንጽሕና ትምህርት መታጠብን አስተምሮናል፤ መቀባትን ግን አስጥሎናል። የቆዳ ሳይንስ ደግሞ ሁለቱ መነጣጠል እንደማይገባቸው ያስረዳል። ይህ ነገር የመልክና የውበት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ በእግራቸው ለሚታመሙ ብዙ ሰዎች የጤና ጥያቄ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አገሩ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ሆሳዕና በቀድሞው አከፋፈል በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የከምባታና ሐድያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ የዛሬውን ስም ያገኘችው በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ከሆሳዕና በዓል ነው። ዛሬ የሐድያ ዞን ዋና ከተማና በ2023 የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። የከምባታ ዋና ከተማ ደግሞ ዱራሜ ነው።

1. ከሳሙና በፊት

የሐድያና የከምባታ ከፍተኛ መሬት ቀይ አፈር ያለው፣ ዝናብም የማይነፍገው፣ ሕዝቡም በእንሰት፣ በእህልና በከብት የሚተዳደርበት ነው። ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን በባዶ እግሩ ሲሄድ ስለ ኖረ፣ የመታጠብ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የእግር ጉዳይ ነበር። ማታ ከእርሻ ወይም ከእንሰት ሥራ የተመለሰ ሰው እግሩን ይታጠባል፤ በብዙ የኢትዮጵያ አገሮች እንደሚደረገው ሁሉ፣ የእንግዳን እግር ማጠብም የአክብሮት ምልክት ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው ውሃ ብቻ ነው።

ለልብስና ለዕቃ ግን ውሃ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ለዕቃ መፈግፈጊያ አመድና የግራዋ ቅጠል፣ ለልብስ ደግሞ እንዶድ ነበር። እንዶድ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚሳብ ተክል ነው። ሴቶች ፍሬውን ለቅመው ያደርቁታል፤ ከደረቀ በኋላ ይወቅጡታል፤ በውሃ ሲበጠበጥም እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የበዓል ሸማ የሚነጣው በዚህ ነበር።

የእንዶድን ኃይል ለዓለም የገለጠው ታሪክ ከዚህ አገር ርቆ በዓድዋ የተፈጸመ ቢሆንም፣ ለጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ስለሚሰጥ እናነሣዋለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ፣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ነገሩን መርምረው እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን አስረዱ። ለዚሁ ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ነገር ሳፖኒን ይባላል። አረፋ የሚያወጣው እርሱ ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም እርሱ ነው። ቅባትን ከውሃ ጋር የማስማማት ጠባይ ስላለው የልብሱን እድፍ ያስለቅቃል፤ ነገር ግን የሕዋስም ሽፋን ከቅባት የተሠራ ስለ ሆነ እርሱንም ያፈርሰዋል። እንግዲህ የሚያነጻውና የሚጎዳው ኃይል አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመጠንና በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። እንዶድን የወቀጡ ሴቶች ይህን በትምህርት ባያውቁትም፣ ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ እንደሚያቃጥል በሥራ ያውቁት ነበር።

ለቆዳ የተመደበው ቅቤ ነበር። ሐድያ በከብት የታወቀ ሕዝብ ነው፤ መቶ ከብት የሞላለት ሰው በባህሉ የክብር ስም ይሰጠው ነበር። ሐድያ ያሆዴ፣ ከምባታ ደግሞ መሳላ ለሚለው የመስከረም በዓል ሴቶች ዊጆ በሚባል ማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ። ቅቤ ይበላል፤ ከዚያም አልፎ ለፀጉር፣ ለአራስ ገላ፣ ለሕፃን መታሻ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሆናል። ስለዚህ የጥንቱ አጠባብ ሁለት እጅ ነበረው ለማለት ይቻላል፤ አንደኛው እጅ ያነሣል፤ ሁለተኛው እጅ የተነሣውን ይመልሳል።

ይህን ስል የጥንቱ ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። እከክና ቅማል፣ የቆዳ ቁስልና የዓይን ሕመም ብዙ ነበር። ቅቤም ቢሆን በሕፃን እትብት ላይ ወይም በተከፈተ ቁስል ላይ ሲቀባ ጀርም ይዞ ይገባል። ሳሙና የመጣው ለእውነተኛ ችግር ነው።

2. የሳሙና አመጣጥ

ሳሙና ከቅባትና ከኃይለኛ አልካሊ የሚሠራ ነገር ነው። በጥንት ዘመን አልካሊው የሚገኘው ከአመድ ነበር። በ1791 ፈረንሳዊው ለብላን ከጨው ሶዳ የሚሠራበትን ዘዴ ካወጣ በኋላ ግን ሳሙና በብዛት ለመሥራት ተቻለ። በ1823 ደግሞ ሸቭረል የተባለው የዚያው አገር ኬሚስት ስለ ቅባት ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ ሥራ እንደምንረዳው ቅባት በአልካሊ ሲፈላ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ሳሙና ነው፤ ሁለተኛው ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን ውሃ የሚስብ፣ ቆዳንም የሚያለሰልስ ነገር ነው። ብዙ ትልልቅ ፋብሪካዎች ግን ግሊሰሪኑን ከሳሙናው ለይተው ለመድኃኒትና ለሌላ ሥራ ለብቻው ይሸጡታል። ስለዚህ ገበያ የሚወጣው ርካሽ ሳሙና ብዙ ጊዜ የሚያነሣውን ክፍል ይዞ፣ የሚመልሰውን ክፍል አጥቶ የሚመጣ ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ በአራተኛው ክፍል እንመለስበታለን።

ወደ ሐድያና ወደ ከምባታ ሳሙና የገባው በሦስት በር ነው፤ በነጋዴ፣ በሚሲዮንና በትምህርት ቤት። የሱዳን ኢንተርዮር ሚሲዮን ሰዎች፣ ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪያቸው ሆኖ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ መጥተው በሆሳዕናና በወላይታ ጣቢያ ከፈቱ። በከምባታም የካቶሊክ ሚሲዮን ተከለ። በየሚሲዮኑ የሕክምናና የንባብ ትምህርት አንድ ላይ ይሰጥ ስለ ነበር፣ መታጠብ ከፊደል ጋር ተያይዞ የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲበዙም ጤና አጠባበቅ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ጀመር።

እኔም በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰኞ ጧት ሰልፍ ላይ ጥፍራችንና አንገታችን ይታይ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብሳችንን በምናጥብበት በዚያው የልብስ ሳሙና ገላችንን እንታጠባለን፤ ሌላ ሳሙና የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። ከዚያም በደረቅ ወር ክንዳችን ላይ በጥፍር ፊደል ቢጻፍ ነጭ ሆኖ እስኪነበብ ድረስ ቆዳችን ይደርቃል። ከገጠር ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ የመጣ ልጅ በሽታው ይሳቅበት ነበር። እኔም ከሳቁት አንዱ እንደ ነበርሁ አልደብቅም። ቅቤ ድንቁርና ነው፣ ሳሙና ዕውቀት ነው የሚል አሳብ በዚያ ሳቅ ውስጥ ነበር፤ ማንም ግን ስለ ምን እንደ ሆነ አስረድቶን አያውቅም።

ሁለተኛው ለውጥ የዱቄት ሳሙና መምጣት ነው። ከቅባት ሳይሆን በኬሚካል የተሠሩ ማጠቢያዎች በጀርመን አገር ተጀመሩ፤ በ1946 ደግሞ በአሜሪካ ታይድ የተባለው ዱቄት ወጣ። ዛሬ በሐድያና በከምባታ ከተሞች የዱቄት ሳሙና በትንንሽ ከረጢት የማይሸጥበት ሱቅ አይገኝም፤ ብዙ ሰው ዓይነቱን ሳይለይ ሁሉንም ኦሞ ይለዋል። ከእርሱ ጎን በረኪና ይቆማል። ለልብስና ለወለል የተሠሩት እነዚህ ነገሮች፣ ገንዘብ ሲያጥር ወይም ቶሎ እንዲያነጹ ሲታሰብ፣ ለእጅ፣ ለእግር፣ አንዳንዴም ለገላ ይውላሉ።

3. ኃይለኛ ማጠቢያ በቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራ

የቆዳ የላይኛው ንጣፍ እጅግ ቀጭን ቢሆንም እንደ ጎጆ ግድግዳ የተሠራ ነው። የደረቁት ሕዋሳት እንደ እንጨቱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቅባት እንደ ምርጉ ጭቃ ነው። ምርጉ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ የውስጡ እርጥበት አይወጣም፤ የውጭውም አፈርና ጀርም አይገባም። ምርጉ ሲረግፍ ግን እንጨቱ ቢቆምም ነፋስ ያልፋል።

ከዚህም ሌላ ቆዳ በጥቂቱ ኮምጣጣ ነው። ኬሚስቶች ኮምጣጣነትንና አልካሊነትን የሚለኩት ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ነው። የቆዳ ፒ ኤች ወደ 5 ገደማ ነው። ሻደና ማርኪዮኒኒ የተባሉት የጀርመን ሐኪሞች በ1928 ይህን የቆዳ ኮምጣጣነት እንደ መከላከያ ልብስ አድርገው ገለጡት። ልብ ማለት የሚገባው፣ ሚሲዮኖቹ ሳሙና ይዘው ወደ ሆሳዕና የመጡት በዚያው ዘመን መሆኑን ነው። ሳሙናውና ስለ ሳሙናው ጉዳት የሚነግረው ዕውቀት በአንድ ዘመን ነበሩ፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን ሳሙናው ብቻ ነው።

ተራ የቁራጭ ሳሙና ፒ ኤቹ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በመለኪያው ላይ እያንዳንዱ እርከን አሥር እጥፍ ስለ ሆነ፣ በ5ና በ10 መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ሳሙና በቆዳ ላይ ሲያርፍ ይህን ኮምጣጣነት ለሰዓታት ያጠፋዋል፤ ምርጉን ቅባት ከእድፉ ጋር ያጥበዋል፤ የሕዋሱንም ሥጋ አሳብጦ ያላላዋል። የዱቄት ሳሙና አልካሊ የሆነ ሶዳ ከመያዙም በላይ፣ በውስጡ ያሉት የኬሚካል ማጠቢያዎች ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው በአንድ ማለቅለቅ አይለቁም። በረኪና ደግሞ ከሁሉም የበለጠ አልካሊ ሲሆን፣ ሳይበጠበጥ ከነካ ያቃጥላል።

ሳሙናዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ፍሮሽና ክሊግማን የተባሉት ሐኪሞች በ1979 ባሳተሙት ጥናት ልዩ ልዩ ሳሙናዎችን በበጥባጭ መልክ በሰዎች ክንድ ላይ አድርገው ሲያነጻጽሩ፣ አንዳንዱ ቆዳን ክፉኛ ሲያቀላና ሲያደርቅ፣ አንዳንዱ ግን እምብዛም ሳይጎዳ ተገኘ። ሁሉም ግን አረፋ ያወጣሉ። ስለዚህ የአረፋ ብዛት የሳሙናን መልካምነት አይመሰክርም።

ጤናማ ቆዳ ያለው ወጣት ይህን ጉዳት ቶሎ ይጠግነዋል። ቀን ሙሉ እጇን በውሃና በዱቄት ሳሙና የምትነክር ልብስ አጣቢ ግን ለመጠገን ጊዜ የላትም፤ የጣቶቿ መሰንጠቅ ከዚህ የተነሣ ነው። ከእርሷም ይልቅ የሚጎዳው ቆዳው አስቀድሞ የታመመ ሰው ነው።

4. የእግር በሽታ የሚሰጠው ምስክርነት

በዚህ አገር ታሪካችንን ከሁሉ አብልጦ የሚመሰክረው ዝሆኔ የተባለው የእግር እብጠት ነው። በ1969 ኦመን የተባለ ሐኪም ስለ ኢትዮጵያ ዝሆኔ ባሳተመው ጥናት በ56 ገበያዎች የመጡትን ሰዎች ተመልክቶ፣ ወደ 2.7 ከመቶ የሚሆኑት እግራቸው ያበጠ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ባደረገው ምርመራ፣ የደጋው ዝሆኔ በትል የሚመጣ ሳይሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲገባ የሚያመጣው መሆኑን አስረዳ፤ በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወረስ መሆኑን ገለጠ። በ2015 በታተመው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ 4 ከመቶ፣ ሐድያና ከምባታ በነበሩበት በደቡብ ክልል ግን 8.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ከተጠኑት ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ይህ በሽታ የምርጉ ታሪክ ነው። አፈሩ የሚገባው በእግር ቆዳ በኩል ነው፤ ካበጠም በኋላ ጀርም በስንጥቁ እየገባ ሕመምተኛውን በትኩሳትና በሥቃይ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ሕክምናው መታጠብ ነው። ከከምባታ ጎረቤት በወላይታ በ1990ዎቹ የተጀመረው ሥራ ይህን አስፋፋ፤ እግር በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ በመጠን በተበጠበጠ በረኪና ይነከራል፤ በመጨረሻም ቅባት ይቀባል፤ ጫማም ይደረጋል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 በታተመው ጥናት፣ እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና ጫማን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ ሳይጀምሩ የቆዩት 23.9 ጊዜ ታመሙ። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንዱ ሕመም ገበሬውን ከእርሻው ለቀናት የሚያስቀር መሆኑ መታሰብ አለበት።

እዚህ ላይ የቤተሰቤን ጉዳይ ለመናገር እገደዳለሁ። አያቴ ይህ በሽታ አለባቸው። ገበያ ሲሄዱ እግራቸውን በልብሳቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ለቅሶ ቤትም በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሕክምና ቦታ ሄደው በሳሙናና በበረኪና እንዲታጠቡ ተነገራቸው። የበረኪናው መጠንና የቅባቱ ነገር ግን ወይ አልተነገራቸውም፣ ወይ በሚገባቸው ቋንቋ አልተነገራቸውም። እርሳቸውም ብዙ ካደረግሁበት ቶሎ ይሽራል ብለው የልብስ ሳሙናና ያልተለካ በረኪና ተጠቀሙ። ቅቤውንም ሐኪም የሚጠላው መስሏቸው ተዉት። እግራቸው ነጣ፤ ደረቀ፤ ተሰነጠቀም። ትኩሳቱ ከፊተኛው ይልቅ ተደጋገመባቸው። እኔ የተማርሁት ልጅ ለእረፍት ስመለስ ያደረግሁት እርዳታ ሌላ ሳሙና ገዝቼ መምጣት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው በ2017 የታተመውን የኢትዮጵያ ጥናት ያነበብሁት። በ193 የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ግማሾቹ እንደ ተለመደው እግራቸውን በ6 ሊትር ውሃ ሲነክሩ፣ ግማሾቹ በ1 ሊትር ብቻ ነከሩ፤ ነገር ግን በውሃው ላይ 2 ከመቶ ግሊሰሪን ተጨመረበት። የሁለቱም ወገን ቆዳ ተሻለ፤ ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ግን ቆዳቸው እርጥበትን በመያዝ በልጦ ተገኘ። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ለምትቀዳ ሴት 5 ሊትር መቀነሱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው ክፍል ያልነውን እናስታውስ። የሳሙና ፋብሪካ ከቅባት ለይቶ የሚያወጣው ግሊሰሪን፣ የታጠበው እግር መልሶ የሚፈልገው ነገር ሆነ። አንደኛው እጅ ያነሣውን ሁለተኛው እጅ እንዲመልስ የሚያዘው የአሮጊቶቹ ሥርዓትና የዛሬው የቆዳ ሕክምና የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

5. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር ለማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የሚያነጻ ነገር ሁሉ በመጠን ካልሆነ የሚጎዳ ነው፤ ይህም ለእንዶድ፣ ለሳሙናና ለበረኪና አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ለልብስ የተሠራው ለልብስ፣ ለገላ የተሠራው ለገላ ሊሆን ይገባል። ገንዘብ አጥሮ የልብስ ሳሙና ለገላ ከሆነም፣ በጥቂቱ ተጠቅሞ በደንብ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መታጠብ የሚፈጸመው በመቀባት ነው። ለተሰነጠቀና ለታመመ ቆዳ ከቅቤ ይልቅ ንጹሕ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ይመረጣል፤ ቅቤ በቁስል ላይ ጀርም ሊያስገባ ይችላልና። ስለዚህ የምከራከረው ለቅቤው ለራሱ ሳይሆን፣ ቅቤው ይሠራው ለነበረው ሥራ ነው።

የቀደሙት አስተማሪዎች ሳሙና በማምጣታቸው ብዙ ሕይወት አድነዋል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ስሕተቱ የአገሬውን ልማድ ሳይመረምሩ ሁሉንም ባንድነት መጣሉ ላይ ነው። በዚህም እኛ የተማርነው ልጆች ከአስተማሪዎቻችን የባሰ በደልን፤ ምክንያቱም እነርሱ አገሩን አያውቁትም ነበር፣ እኛ ግን ተወልደንበታል።

በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየወረዳችን የምንሄድ ተማሪዎች ስለ ንጽሕና ማስተማራችን የተለመደ ነው። በሚመጣው ክረምት ሳሙና ስናሳይ የበረኪናውን መለኪያና የቫዝሊኑን ቆርቆሮ አብረን ብናሳይ፣ የምንናገረውንም በሐድይኛና በከምባትኛ ብናደርገው መልካም ይመስለኛል። አያቴ ዛሬ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥበው ቫዝሊን ይቀባሉ። እብጠቱ እንዳለ ነው፤ ስንጥቁ ግን ጠቧል፤ ባለፈው መስቀልም ከትኩሳት ድነው ከሰው ጋር ተቀምጠው በሉ።